አራት ጣት ያጠረው ቆርቆሮ

ሠላሳ ዓመት እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የገዛ ልጁ እሳት በመኪና ጭና ከበሩ ብትደርስ ምን ይላል? አለቃ የግቢውን በር በግማሽ ከፈቱና በከፈቱት ግማሽ ላይ ራሳቸው ቆሙበት።

«ይኼ ሁሉ ምንድነው?»

«ዕቃዬ ነው አባባ።»

«ያ ቀዩ ነገርስ?»

«የጋዝ ሲሊንደር።»

«ባዶ ነው?»

ልጅቷ መዋሸት አትችልበትም። «ግማሽ ድረስ አለው» አለች።

አለቃ በሩን መልሰው ዘጉት።

ልጅቷን «ክብሪት» ብለው የሰየሟት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በሕፃንነቷ ትንሽ ነካ ካደረጓት ቦግ ትል ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ትበርዳለች። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ትምህርት ቤት ገባ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላትም አብሯት ነበር። የእሳት አደጋ አለቃ ልጁን ክብሪት ብሎ መጥራቱ ለጎረቤት የማያረጅ ቀልድ ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ቀልዱ እውነት ሆኖ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ክብሪት ስድስት ዓመት የሠራችው እትዬ ዶቃ ዘንድ ነው። እትዬ ዶቃ ከአንድ መጽሐፍ ማሰሪያ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የብርጭቆ ዶቃ ሲሠሩ ያረጁ ሴት ናቸው። ብርጭቆውን እንደ እርሳስ በቀጠነ ዘንግ መልክ ይገዙታል፤ ከነሐስ በተሠራው የእሳት መትፊያ፣ እሳቸው «አፉ» በሚሉት ነበልባል ላይ ያቀልጡታል፤ ከዚያ እንዳይጣበቅ ጭቃ በተቀባ ቀጭን ሽቦ ላይ እንደ ማር እየጠቀለሉ ያዞራሉ፣ ያዞራሉ፣ ክብ እስኪሆን ያዞራሉ። «እጅሽ ከቆመ ዶቃው ያለቅሳል» ይሏት ነበር፤ ይንጠባጠባል ማለታቸው ነው። በስተርጅና የእሳቸው እጅ ያለ ፈቃዳቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ሥራውን በመሐል አቁመው አፉን አጠፉና «እኔ አይቼ ጠግቤያለሁ፣ ውሰጂው» አሏት። ጠረጴዛውን፣ አፉን፣ ሲሊንደሩን፣ በፎጣ የተጠቀለሉትን ዘንጎች፣ ዶቃው ቀስ እያለ የሚበርድባትን ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁሉንም።

በሩን ያስከፈቱት እናቷ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሦስት መርፌ በከንፈራቸው ይዘው መናገር ይችላሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ይህን ሥራ እንደሆነ አትተወውም። ሰው ቤት ተከራይታ ከምትሠራ ዓይንህ ሥር ብትሆን አይሻልህም?»

አለቃ አሰቡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለበታቾቻቸው ሲናገሩት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ እሳትን አትፍራው፣ ከዓይንህ ግን አታርቀው። በሩ ተከፈተ።

ለሥራው የተሰጣት ክፍል በጓሮ ያለው የልብስ ማጠቢያ ነበር። ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ፣ አንድ መስኮት፣ ከሲሚንቶ የተሠራ አሮጌ ገንዳ፣ ጥግ ጥጉን እርጥበት የላሰው ግድግዳ። በማግስቱ ጠዋት ክብሪት ስትነቃ በክፍሉ በር ላይ በአባቷ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ያለው ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ይሁን። የጋዙ ጎማ በየሳምንቱ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። መጋረጃ አይኑር። አሸዋ የሞላ ባልዲ በቀኝ እጅ በኩል ይቀመጥ። ፀጉር ይታሰር። እንዲህ እያለ ይወርድና አሥራ ዘጠነኛው ላይ «ስትናደጂ እሳት አትለኩሺ» ይላል።

«ይኼኛው ለእኔ ብቻ ነው የተጻፈው» አለች ክብሪት።

«ሌሎቹስ ለማን መሰሉሽ?» አሉ እናቷ።

ሰባተኛው ነጥብ ጭስ መሳቢያ ነበር። ብርጭቆ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ብዙም ለዓይን አይታይም፤ ሳንባ ግን ያየዋል። ከጠረጴዛው በላይ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ ቆርቆሮ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘ ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ያስፈልጋል። አለቃ ይህን ለመሥራት የሚታመን ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነው ብለው ደመደሙ፤ የእሳት አደጋ ጣቢያውን የጣሪያ አሸንዳ የሠራው ቆርቆሮ ሠሪ።

መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ የሚሆነው፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማይለየው ሰው ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ ወዲያው ሜትሩን መዘዘ። ግድግዳውን ለካ። ጣሪያውን ለካ። መስኮቱን ሁለት ጊዜ ለካ። የሚናገረው በቁጥር ብቻ ይመስል ነበር። እናትዮዋ ከኩሽና ሆነው «አቶ ሜትር ሻይ ይጠጣ እንደሆን ጠይቂው» አሏት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት ሌላ ስም አልነበረውም።

በመጨረሻ ወደ ክብሪት ዞረ።

«እስቲ እንደሚሠሩ ሆነው ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። ባዶ ሽቦ ያዘች፤ ያልተለኮሰው አፍ ፊት እጆቿን አነሳች።

«አሁን ይተንፍሱ።»

«ምን?»

«ትንፋሽዎ የት ላይ እንደሚያርፍ ልወቅ። ጭሱ እዚያ ከመድረሱ በፊት መወሰድ አለበት።»

ሜትሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ አገጭዋ ዘረጋው። እጁ ፊቷን አልነካም፤ የአንድ ጣት ያህል ቀርቶት ቆመ። ክብሪት ትንፋሿን ያዘች። እሱም የያዘ መሰላት። ውጭ እናቷ ባልዲ ሲያስቀምጡ ተሰማ።

«ካልተነፈሱ መለካት አልችልም» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው ትንፋሿ የት ላይ እንደሚያርፍ ጠይቋት አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ቆርቆሮው ተሠርቶ መጣ፤ ተሰቀለ። አለቃ እርጥብ ጨርቅ በአሮጌ ድስት ውስጥ አጭሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጭሱ ግማሹ ወደ ቱቦው ገባ፤ ግማሹ በቆርቆሮው ከንፈር ሥር ሾልኮ ቀጥ ብሎ ወደ ክብሪት ፊት ሄደ።

«አራት ጣት አጥሯል» አሉ አለቃ።

አቶ ሜትር ቆርቆሮውን አየው፤ መሬቱን አየ። «አጥሯል» አለ።

ፈትቶ ወሰደው። ሁለተኛው ሲመጣ የመገጣጠሚያው ጠርዝ ጭስ ያወጣ ነበር። ያም ተፈቶ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ማራገቢያው ከቱቦው አፍ ሰፋ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እናትዮዋ «እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይኼ ቆርቆሮ ግን ቁርጭምጭሚትም አላበጀ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በመሐሉ ግን ክፍሉ ሰው ሰው መሽተት ጀመረ። አቶ ሜትር በመጣ ቁጥር ያልታዘዘው ሥራ ይሠራል። እርጥበት የላሰውን ግድግዳ ፍቆ ለሰነው። ጠረጴዛው እንዳይቃጠል በብረት ቆርቆሮ አለበሰው። ሲሊንደሩ ውጭ እንዲቆም ለጎማው ቀዳዳ በሳ፤ ለሲሊንደሩ ደግሞ ዝናብ የሚከልል ጣሪያ ሠራለት። አንድ ቀን በብብቱ የቆርቆሮ መደርደሪያ ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚቆምበት አርባ ስምንት ቀዳዳ ነበረው።

«አርባ ስምንት ቀለም እንዳለኝ በምን አወቅህ?»

«ባለፈው ሳምንት ቆጠርኳቸው። እርስዎ ሻይ ሊያመጡ ሲሄዱ።»

«እርስዎ እያልክ የምትጠራኝ እስከ መቼ ነው? እኔ አንተ ካልኩህ ሁለት ሳምንት ሞላኝ።»

«ሥራው እስኪያልቅ ነው። ደንበኛ ነዎት።»

ሌላ ቀን የሥራ መነጽሯን አነሳ። መስታወቱ ቀላ ያለ ነው፤ ነበልባሉ ላይ የሚነሳውን ቢጫ ብርሃን አጥፍቶ ብርጭቆውን ብቻ ያሳያል። አደረገው። መስኮቱን አየ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ቆየ።

«ምን ይታይሃል?» አለች።

ብዙ ቆይቶ «እርስዎ» አለ።

ስቃ ልትገላገለው ፈለገች፤ ሳቁ አልመጣም። ሁለቱም ዘንጎቹን መደርደር ጀመሩ፤ የተደረደረውን እያነሱ እንደገና ይደረድሩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የአጎቱ ልጅ በወደብ ከተማ፣ መርከብ መጠገኛ ውስጥ ሥራ እንዳገኘለት የነገራት። ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ የሚኬድበት አገር ነው።

«መቼ ትሄዳለህ?»

«እዚህ ያለው ሥራ ሲያልቅ። ሌላ የሚያቆየኝ ነገር ካልተገኘ…» አላስጨረሰችውም፤ ወይም ራሱ አልጨረሰውም።

ክብሪት ቀና ብላ የተሰቀለውን ቆርቆሮ አየችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ እንዳያልቅ ተመኘች። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች፤ የእትዬ ዶቃን ዶቃ ይወስዱ የነበሩ ሦስት ሱቆች እሷን እየጠበቁ ነው፤ ሲጠብቁ ደግሞ አንድ ወር አለፈ። ሰኞ አንደኛው ከፋብሪካ አዝዣለሁ አላት። ረቡዕ ሁለተኛው። ሐሙስ ጠዋት ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ አቶ ሜትር የቆርቆሮ መሥሪያ ገሰገሰች፤ ዛሬውኑ ጨርስልኝ ልትለው።

መሥሪያው ከመንገድ ገባ ያለ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«ሌላ ሁለት ሳምንት ብቻ አቆይልኝ ልጄ። ታውቃታለህ፣ ቦግ ብላ ትጠፋለች። ሲሰለቻት ትተወዋለች።»

አለቃ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ሜትር መቀስ በእጁ ይዞ ቆሟል። ከግድግዳው ላይ አንድ ቆርቆሮ ተሰቅሏል፤ አዲስ፣ ያልታጠፈ፣ ልኩ በእርሳስ የተጻፈበት። በሩ ላይ ያረፈው ጥላ ሁለቱንም ቀና አደረጋቸው።

ክብሪት አባቷን አላየቻቸውም። «አራቱን ጣት ሆን ብለህ ነው ያሳጠርከው?» አለችው።

«አዎ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«እሱንም።»

አባቷ ተነሥተው «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ የለመንኩት» አሉ። እሷ ግን ያን አልጠየቀችም። ስታስብ የከረመችው ሌላ ነበር፤ የለሰነው ግድግዳ፣ አርባ ስምንቱ ቀዳዳ፣ ያ መነጽር።

«አንድ ወር ሙሉ የምትመላለሰው ለእኔ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአባቴ ነው።»

«ለአንቺም ነው» አለ።

«አሁን ነው አንቺ ማለት ትዝ ያለህ?»

ወጥታ ሄደች። ከኋላዋ መቀሱ ሲወድቅ ሰማች፤ ግን አልዞረችም።

ቤቱ አራት ቀን ዝም አለ። እናትዮዋ መርፌ እንኳ በአፋቸው ሳይዙ ዝም አሉ። በአምስተኛው ቀን አንድ ጋሪ በሩ ላይ ቆመና ጭስ መሳቢያውን አራገፈ፤ ከነቱቦው፣ ከነማጠፊያው፣ ከነብሎኑ። አቶ ሜትር አብሮ አልመጣም። ደብዳቤም አልነበረም። ክብሪት በሜትር ለካችው፤ አንዲት ጣት እንኳ አልጎደለውም።

አለቃ መሰላል ይዘው ወደ ጓሮ መጡ። ክብሪት መሰላሉን ያዘችላቸው፤ ሳይነጋገሩ ግማሹን ከሰቀሉ በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳደረጉ ተናገሩ።

«አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። ክፍሏ ልክ ይህን ታህል ነበር። ከሲሊንደሯ ጋዝ አምልጦ ተቀጣጠለ። በር ላይ ደርሻለሁ፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። የበሩ እጀታ ፍም ሆኖ እጄን ላጠው። ሌላ በር ፈልጌ እስክገባ…» ብሎኑን አጠበቁ። «ዕድሜዋ ያኔ ያንቺን ያህል ነው።»

ክብሪት የአባቷን የቀኝ መዳፍ ጠባሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሲጠይቋቸው ሁልጊዜ «ሻይ ነው» ይሉ ነበር።

«ለምን ይህን አልነገርከኝም፣ አባባ?»

«ነግሬሽ ብትፈሪስ? ፈሪ ልጅ እንድትሆኚ አልፈልግም። ደግሞ እንዳትፈሪም አልፈልግም። እንዲያው ቸገረኝ።»

እርጥቡን ጨርቅ አጨሱ። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣና ቱቦው ውስጥ ገባ። የክብሪት ፊት ላይ ምንም አልደረሰም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አፉን ለኮሰች። የመጀመሪያዎቹ ዶቃዎች ተሰነጠቁ፤ ምድጃዋን ቶሎ ከፍታ ብርድ አስመትታቸው ነበር። የሚቀጥሉት ግን ዳኑ። ያልሸሸው ሦስተኛው ሱቅ ወሰዳቸውና ሌላ ጠየቀ። ሥራው በእግሩ ቆመ፣ ተራመደ። ቁጣዋም እንደ ልማዷ በረደ፤ ሲበርድ ደግሞ ከሥሩ ምን እንደነበረ አየችው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቆርቆሮ መሥሪያው ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ «ሰኞ በአውቶቡስ ሄዷል፤ መቀሶቹን እንኳ አልወሰደም» አላት።

አልጻፈላትም። አልጻፈችለትም። ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ። ክብሪት በየጠዋቱ ያንን ቆርቆሮ ፊት ለፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። ሰው ሊረሳ የሚችለው የማያየውን ነው፤ እሷ ግን በቀን ስምንት ሰዓት ከሥሩ ትተነፍስ ነበር።

አንድ ጠዋት አለቃ ጫማቸውን ወለወሉ፣ ጥቁሩን ካፖርት ለበሱ፣ «አንድ የድሮ ባልደረባዬ ታሟል፤ አድሬ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። በማግስቱ ምሽት ላይ ተመለሱ። ካፖርታቸው ተጨማዷል፤ ወገባቸውን ይዘው ነበር። «በሽተኛው እንዴት ነው?» ብትላቸው «ይድናል መሰለኝ» ብለው ገብተው ተኙ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ክብሪት መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ከፈተች።

ከስቷል። ፀሐይ አጥቁሮታል። እርሳሱ ግን ከጆሮው ጀርባ ነበር።

«አባትሽ መጥተው ነበር» አለ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «እንዳትነግራት ብለውኛል። ከእንግዲህ ግን ከአባትሽ ጋር ሚስጥር አልይዝም።»

ክብሪት የበሩን ጠርዝ ያዘች። «ምን አሉህ?»

«ከመርከብ ሆድ ሥር ነበርኩ፤ ስወጣ ካፖርታቸውን ለብሰው የብረት ክምር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ‹ሠላሳ ዓመት ሰው ከእሳት አውጥቻለሁ፤ በሰው ላይ በደል ሲሠሩ እንዴት ይቅርታ እንደሚባል ግን አልተማርኩም፤ ስለዚህ እንዲሁ መጣሁ› አሉኝ። ከዚያ ‹የሠራኸው ቆርቆሮ ጭሱን ሁሉ ይወስዳል፤ ልጄ ግን አትስቅም› አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ፣ ሌሊቱን እኔ ዘንድ አድረው ጠዋት በአውቶቡስ ተመለሱ።»

ክብሪት መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደች።

«አንተስ ለምን እውነቱን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ ሽማግሌ ለመነኝ ብዬ ነው። ከዚያ ግን…» እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወጣና መልሶ ሰካው። «ከዚያ ግን ለራሴ ብዬ ነው። ሥራው ካለቀ የምመጣበት ምክንያት የለኝም። ሥራው እንዳያልቅ የምንፈልገው እኔና አባትሽ ብቻ ነበርን።»

ክብሪት መሬት መሬት አየች። በዚያ በር ላይ ውሸት አያምርባትም፤ ዝም ማለትም ውሸት ነበር።

«እኔም ነበርኩበት» አለች። «ሱቆቹ እየሸሹኝ፣ እኔ ቆርቆሮው ተሳስቶ በመጣ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። የተናደድኩት ለዚያም ጭምር ነው።»

አቶ ሜትር ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከመስኮቱ በኩል የመስፊያ ማሽን ድምፅ ቀጥ አለና «ልጁን በር ላይ አታስቁሚው፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል!» የሚል የእናት ድምፅ መጣ። ሻዩን መቼ እንዳፈሉት ማንም አያውቅም።

ወደቡን ተወ። የቆርቆሮ መሥሪያውን መልሶ ከፈተ፤ መቀሶቹ ዝገው ነበር። በየእሑዱ ከሰዓት ወደ ጓሮዋ ክፍል እየመጣ ሽቦዎቿን ጭቃ ይቀባላት ጀመር። አለቃም በር አጠገብ ወንበር አድርገው ይቀመጣሉ፤ ጋዜጣ ያነባሉ ይባላል እንጂ ገጽ ሲገልጡ አይታዩም። ዓይናቸው ከነበልባሉ አይነሳም ነበር።

ከነዚያ እሑዶች በአንዱ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ እየተውለበለበ ሳለ፣ አለቃ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ተኙ። ክብሪት ትልቅ ዶቃ እየሠራች ነበር። አቶ ሜትር አጠገቧ ዝቅ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ክብሪት» አለ በሹክሹክታ።

«እ።»

«አሁን ቀና ማለት አትችዪም አይደል?»

«አልችልም። ይንጠባጠባል።»

«እንግዲያው አሁን ልናገር። ዓይንሽን ካየሁ ይጠፋብኛል።»

«ቀስ በል፤ አባባ እንዳይነቃ።»

ጎንበስ አለ። ድምፁ ከነበልባሉ ሽውታ አይበልጥም ነበር። «አግቢኝ።»

እጇ አልቆመም። ሽቦው በጣቶቿ መሐል ይዞር ነበር፤ ብርጭቆው ቀልቶ፣ ለስልሶ፣ በራሱ ላይ ይጠቀለል ነበር። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። አቶ ሜትር እጆቿን አየ፤ እነሱ ላይ መልስ ፈለገ።

«እሺ» አለች።

«አልሰማሁም።»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ አለቃ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አሁን ዝም በሉና ልተኛ።»

ሁለቱም በሳቅ ሊፈነዱ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። አለቃ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣመሩ፤ ትንሽ ቆይተው ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ይኼኛው የምር ነበር። ነበልባሉ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ይነድዳል፣ እሳቸው ደግሞ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ክብሪት ዶቃውን ጨርሳ ምድጃዋ ውስጥ ስትከትተው፣ ዘግታም ስትቀመጥ፣ ከተቀመጠችም በኋላ አልነቁም።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏል። ሁለቱ በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት አለቃ አረፉ፤ በአልጋቸው ላይ፣ በሰላም። ቤቱ ተሸጠ፤ የጓሮዋን ክፍል አዲሱ ባለቤት ብስክሌት ማስቀመጫ አደረጋት ይባላል። አሁን ክብሪት ያላት መሥሪያ ሰፊ ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አራት ጭስ መሳቢያ፣ ሁሉም የባሏ እጅ ሥራ። እናትዮዋ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጠው ክር ይስባሉ። ያም ሆኖ ሁለቱ ሲያወሩ ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ ከዚያች ሦስት በአራት እርምጃ ክፍል ይገባል።

አንድ ነገር ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ በዚያ እሑድ ዶቃ ቀለም።

«አረንጓዴ ነበር» ትላለች ክብሪት። «በእጄ የሠራሁትን ልረሳ?»

«ሰማያዊ ነበር» ይላል አቶ ሜትር። «አንቺ ያን ቀን ምን አይተሽ? እኔ ነኝ ዓይኔን ሳልነቅል ያየሁት።»

«ቢጫ ነው» ይላሉ እናትዮዋ፤ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም።

ዶቃው በማግስቱ ከምድጃው ወጥቶ ከሌሎች ጋር በክር ተሰክቶ ለሱቁ ተላከ። እናስቀምጠው የሚል ሐሳብ ለማንኛቸውም አልመጣም፤ ሥራ በዝቶ ነበር፣ ደስታም በዝቶ ነበር። ማን እንደገዛው፣ በማን አንገት ላይ እንዳለ፣ ተሰብሮም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ግን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ ዶቃ ያሰረች ሴት በአጠገባቸው ካለፈች፣ ሁለቱም ጨዋታቸውን አቋርጠው እኩል ዞር ይላሉ።